የሲስታን ቆንስላ ወረቀት ጅማ ላይ ሲነበብ፦ የኳታር ዲጂታል ላይብረሪ ግምገማ፣ ከኮፒ ቤት ምክር ጋር

የድሮ መዛግብትን በኢንተርኔት በሚያስነብበው በኳታር ዲጂታል ላይብረሪ የፍለጋ ሳጥን ውስጥ ሲስታንን (በኢራንና በአፍጋኒስታን ድንበር ያለችውን አገር) ዛሬ በሚጻፍበት ፊደል ብቻ የሚጽፍ ሰው ከሚፈልገው ብዙው ያመልጠዋል። የዚያን ዘመን የእንግሊዝ ጸሐፊዎች ስሙን ሲጽፉ በኤስ እና በአይ መካከል ኢ ያስገቡ ነበር። ዋና ከተማዋ፣ የዛሬዋ ዛቦል፣ ያኔ ናስራታባድ ነበረች፤ እሷም ከኤን ቀጥሎ በአንዱ ወረቀት ኤ፣ በሌላው ዩ ይዛ ትመጣለች። የሄልማንድ ወንዝ መጨረሻ ላይም አንዴ ኤ፣ አንዴ ዩ ነው። ቃኢን የተባለው ጎረቤት አውራጃ በኬም በኪውም ይጀምራል። ስለዚህ ኮምፒዩተር ከመክፈት በፊት የስሞቹን አጻጻፍ በወረቀት ደርድሮ መያዝ ግድ ነው። ይህን ያላደረገ ሰው ሁለት ቀን ይለፋና «እዚያ ቤት ምንም የለም» ብሎ ይወጣል።

አገልግሎቱ በብሪቲሽ ላይብረሪና በኳታር ፋውንዴሽን ትብብር በ2014 የተከፈተ ነው (እዚህ ያለው ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው)። ክፍያ የለውም፤ ለማንበብም መመዝገብ አያስፈልግም። ዋናው ሀብቱ «የሕንድ ቢሮ» የሚባለው የለንደን መሥሪያ ቤት መዝገብ ነው፤ ሕንድን የሚገዛው መንግሥት ስለ ባሕረ ሰላጤው፣ ስለ ፋርስ (ስለ ዛሬዋ ኢራን) እና ስለ ዐረብ አገሮች የተጻጻፈው። ገጹ በእንግሊዝኛና በዐረብኛ ተዘጋጅቷል። ዐረብኛ አሳምሮ የሚያነብ ሰው ጅማ ላይ ጥቂት ስላልሆነ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ የየፋይሉን ማብራሪያ በዐረብኛ ማየት ይቻላል። ወረቀቶቹ ራሳቸው ግን አብዛኞቹ በእንግሊዝኛ ናቸው።

ሲስታንን ለምን መረጥን? ነገሩ ከባሮ ዳር ታሪክ የራቀ ስላልሆነ ነው። በግንቦት 1902 አፄ ምኒልክና የእንግሊዙ ወኪል ሃሪንግተን የተፈራረሙት ውል በባሮ ዳር፣ ኢታንግ አካባቢ፣ የወንዝ ዳር ርዝመቱ ከ2,000 ሜትር፣ ጠቅላላ ስፋቱ ከ400 ሄክታር የማይበልጥ የንግድ ጣቢያ ለእንግሊዝ ፈቀደ፤ ጋምቤላ የቆመችው በዚያ ነው። በዚያው ውል ውስጥ የዓባይን፣ የጣናንና የሶባትን ውሃ የሚመለከት አንቀጽ ገባ። በኋላም ጎሬና ማጂ ላይ የእንግሊዝ ቆንስላ ተቀመጠ። ሲስታን ላይም በእነዚያው ዓመታት ቆንስላ፣ የንግድ መንገድና የወንዝ ውሃ በአንድ ገመድ ታስረው ነበር። የ1906ቱ የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የጣልያን ውል ባለቤቷን ሳያማክር በኢትዮጵያ ላይ የየራሳቸውን ጥቅም እንደ ደለደለ፣ በነሐሴ 1907 እንግሊዝና ሩሲያ ፋርስን በክልል ተካፈሏት። የእንግሊዝ ክልል ከአፍጋን ድንበር ተነስቶ በጋዚክ፣ በቢርጃንድና በኬርማን አድርጎ ባንዳር አባስ በሚደርስ መስመር ተለየ፤ ሲስታንም በዚያ ውስጥ ወደቀች። የአንዱን አሠራር በሚገባ ያየ ሰው ሌላው አይከብደውም።

ወደ አጠቃቀሙ እንግባ። በቃል ፍለጋ ብቻ መንከራተት አይበጅም፤ በመዝገብ ቁጥር መሄድ ይሻላል። የሕንድ ቢሮ መዝገብ ቁጥሮች ሁሉ በአይ-ኦ-አር (IOR) ይጀምራሉ። ኤል/ፒኤስ/18 ለባለሥልጣናት የተዘጋጁ አጫጭር ማስታወሻዎች ናቸው። ኤል/ፒኤስ/20 የታተሙ መጻሕፍትና ሪፖርቶች። ኤል/ፒኤስ/10 የየጉዳዩ ፋይል ነው፤ ክርክሩና መሰረዝ መደለዙ ያለው እዚያ ነው። አር/15 በፋርሷ ወደብ ቡሽህር ላይ የነበረው የእንግሊዝ ዋና ወኪል (ሬዚደንት) እና የባሕሬን፣ የኩዌት፣ የማስካት ጽሕፈት ቤቶች ወረቀት ነው፤ ሲስታን እዚያ የሚመጣው በጎን ነው። ጀማሪ ከ18 ወይም ከ20 ይጀምር፤ አጽሙን ከያዘ በኋላ ወደ 10 ይግባ። በተቃራኒው የሄደ ሰው መቶ ቴሌግራም አንብቦ ማን ከማን ጋር እንደተጣላ ሳያውቅ ይቀራል።

ኤል/ፒኤስ/10 ውስጥ ሲገቡ መታወቅ ያለበት ትልቁ ነገር፣ ብዙው ፋይል ከኋላ ወደ ፊት የተደረደረ መሆኑ ነው። አዲስ ደብዳቤ ሲመጣ በነበረው ላይ ይጫን ስለነበር የመጀመሪያው ወረቀት ከታች ነው። በየፋይሉ ማብራሪያ ላይ ይህ ተጽፏል፤ ማብራሪያውን ዘሎ ከገጽ አንድ የጀመረ ሰው ግን መልሱን ከጥያቄው አስቀድሞ ያነባል። ስለዚህ ወደ መጨረሻው ምስል ዝለሉና ወደ ኋላ እየመለሳችሁ አንብቡ። አንዱ ደብዳቤ ብቻውን አራት ገጽ ከሆነ ግን እነዚያ አራቱ በራሳቸው ቅደም ተከተል ስለሆኑ እዚያ ላይ ወደ ፊት መሄድ አለባችሁ። መጀመሪያ ያደናግራል፤ ሃያ ገጽ ካለፈ በኋላ እጅ ይለምደዋል።

ሁለተኛው የሚያደናግር ነገር ቁጥሩ ነው። ከእያንዳንዱ ምስል በላይ ሁለት ዓይነት ቁጥር አለ፤ አንዱ በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ፣ ለምሳሌ 27 አር፣ ሌላው ከዚያ ቀጥሎ 53/210 የሚል። የመጀመሪያው የወረቀቱ ቁጥር ነው። አር ማለት የወረቀቱ ፊት፣ ቪ ማለት ጀርባው። በዋናው ወረቀት ላይ በቀኝ ጫፍ ከላይ በእርሳስ ተጽፎ የተከበበው ይኸው ነው። ሁለተኛው የምስሉ ተራ ቁጥር ብቻ ነው፤ ከ210 ምስሎች 53ኛው ማለት ነው። በመመረቂያ ጽሑፍ ግርጌ ላይ መጠቀስ ያለበት የመጀመሪያው ነው። ሁለተኛውን የጠቀሰ ሰው ለንደን ሄዶ ፋይሉን የሚያወጣን አንባቢ ያሳስተዋል፤ አማካሪ መምህር ይህን ሳያይ አያልፍም።

የወረቀቱ ይዘት ራሱ ምን ይመስላል? የሲስታን ቆንስላ የቆመው በ1899 ነው፤ ቀደም ሲል በ1894 የኬርማንን ቆንስላ የከፈተው ፐርሲ ሳይክስ ነበር ሥራውን የጀመረው። ቆንስሉ ሁለት ጌታ ነበረው፤ አንዱ ቴህራን ያለው የእንግሊዝ ሌጋሲዮን (እንደ ኤምባሲ ያለ ጽሕፈት ቤት)፣ ሌላው የሕንድ መንግሥት የውጭ ጉዳይ ክፍል። ስለዚህ አንድ ወሬ በሁለት መንገድ ይጓዛል፣ ቅጂው በሁለት ቦታ ይቀመጣል፣ ለንደን ላይ ሲገናኙም ሁለቱ ጌቶች አይስማሙም። አንድን ቴሌግራም ስትከፍቱ የተጻፈበትንና የደረሰበትን ቀን ለይታችሁ መዝግቡ። በፖስታ የመጣ ሪፖርት ከሆነ ልዩነቱ ሳምንታት ሊሆን ይችላል፤ ለንደን የወሰነው የሲስታን ነገር ከተለወጠ በኋላ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ይህን ሳያዩ «እንግሊዝ እያወቀ ዝም አለ» ብሎ መጻፍ የተለመደ ስሕተት ነው።

የእንግሊዝና የሩሲያ ፉክክር ሥጋ ያለው ዝርዝሩ ውስጥ ነው። በ1896 ቦምቤይ ላይ ወረርሽኝ ከተነሳ በኋላ ሩሲያ በፋርስና በአፍጋኒስታን ድንበር ላይ የኳራንቲን መስመር ዘረጋች። ሐኪምና ኮሳክ ወታደር አብረው ሰፈሩ። ከሕንድ የሚመጣው ነጋዴ ሻዩንና ጨርቁን ይዞ ታገደ፤ እንግሊዞቹም «ይህ ለጤና ሳይሆን ለንግድ ነው» ብለው መጻፍ ጀመሩ። በእነሱ በኩል ደግሞ በዛሬዋ ፓኪስታን ካለችው ከኩዌታ ተነስቶ በኑሽኪ አድርጎ ሲስታን የሚደርሰውን፣ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆን የበረሃ መንገድ በጉድጓድ ውሃ፣ በማረፊያ ቤትና በጠባቂ ኬላ አሰናዱ፤ በ1905 ባቡሩ ኑሽኪ ገባ። የፋርስን ጉምሩክ ያስተዳድሩ የነበሩት ቤልጂጎች ነበሩ፣ አለቃቸው ናውስ። በ1900 ሩሲያ ለፋርስ 22.5 ሚሊዮን ሩብል ስታበድር መያዣው ከባሕረ ሰላጤው ወደቦች በስተቀር የጉምሩክ ገቢው ስለነበር፣ የእንግሊዝ ቆንስል ሲስታን ላይ ያለውን ቤልጂጋዊ የቀረጥ ሹም የሚያየው እንደ ሩሲያ ሰው ነው። አንድ ግመል ሻይ ሲቀረጥ ቆንስሉ ወዲያው ብዕር ያነሳል።

አንድ የፍለጋ ዘዴ እዚህ ላይ፦ የሩሲያው ምክትል ቆንስል ሚለር በወረቀቶቹ ውስጥ «ኤም. ሚለር» ተብሎ ይመጣል። ኤም የስሙ መጀመሪያ ፊደል አይደለችም፤ «ሙሴ» ለማለት ነው፣ በፈረንሳይኛ። በስም ዝርዝር ውስጥ ኤም ብላችሁ ከፈለጋችሁት አታገኙትም። ቤልጂጎቹም እንደዚሁ።

ከሁሉ የሚያስገርመው የውሃው ፋይል ነው። በ1857 የፓሪስ ውል መሠረት ፋርስ ከአፍጋኒስታን ጋር ስትጣላ እንግሊዝን በሽማግሌነት መጥራት ነበረባት። በዚሁ መሠረት እንግሊዛዊው ጄኔራል ጎልድስሚድ በ1872 ሲስታንን ለሁለት ከፈላት። ችግሩ ድንበር ብሎ ያሰመረው ወንዝ አለመቀመጡ ነው፤ በ1896 ሄልማንድ ዋና መሄጃውን ለወጠ፣ በ1902 ደግሞ ውሃው ክፉኛ ቀነሰ። ሁለተኛው ዳኛ ኮሎኔል ማክማሆን (በኋላ በቲቤት ድንበርና ከመካው ሸሪፍ ሁሴን ጋር በተጻጻፈው ደብዳቤ ስሙ የተጠራው ያው ሰው) በ1903 መጣ፤ ከ1,450 በላይ ሕንዳውያን ወታደሮችና አጃቢዎች፣ 2,200 ግመሎች አስከትሎ። ይህን ያህል ሰውና ከብት ለውሃ ዳኝነት ብቻ ነው ብሎ የሚያምን አንባቢ፣ የፋርስ ሹማምንት ለምን እንደ ተጠራጠሩ ሊገባው አይችልም። በሚያዝያ 1905 የሰጠው ብይን ሲስታን ከሚገባው የሄልማንድ ውሃ አንድ ሦስተኛው ለፋርስ ይሁን የሚል ነው። ነገሩን ያበላሸው ግን ሌላው አንቀጽ ይመስለናል፦ መስኖ የሚያውቅ አንድ እንግሊዛዊ መኮንን በሲስታኑ ቆንስላ ውስጥ በቋሚነት ይቀመጥ ይላል። በእኛ አገር አነጋገር፣ ቆንስሉ ከንግድና ከፖለቲካ ሥራው ላይ የውሃ አባትነትንም ልደርብ አለ። ወሎ ወይም ጎጃም መስኖ ያለው ገበሬ የውሃ አባት ምን ሥልጣን እንዳለው ያውቃል፤ ተራ የሚሰጠው፣ የሚነፍገውም እሱ ነው። የአፍጋኒስታኑ አሚር ሐቢቡላህ ብይኑን ተቀበለ፤ ፋርስ አልተቀበለችም። ጉዳዩ እስከ 1973ቱ ውል ድረስ ተንከባለለ። በዚያም ውል ለኢራን በሴኮንድ 22 ሜትር ኩብ፣ በበጎ ፈቃድ ተጨማሪ 4 ሜትር ኩብ ተመደበ፤ ክርክሩ ግን ዛሬም አልበረደም።

ይህን ፋይል ስታነቡ ከማስታወሻው ይልቅ ዳር ዳሩ ላይ የተጻፈውን ተከታተሉ። ለንደን ላይ ወረቀቱ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲዞር እያንዳንዱ ባለሥልጣን ሐሳቡን ጽፎ በስሙ መጀመሪያ ፊደላት ይፈርማል። ዋናው ሐሳብ ብዙ ጊዜ እዚያ ነው፣ በእጅ ጽሑፍ። እዚህ ላይ የአገልግሎቱ ትልቁ ድካም ይመጣል፦ ከምስሉ ጎን ያለው የጽሑፍ ቅጂ በማሽን የተሠራ ነው፣ ይህንንም ራሱ ገጹ ይናገራል። ለታተመና በታይፕ ለተመታ ወረቀት ይጠቅማል፤ ለእጅ ጽሑፍ አትመኑበት። የፍለጋ ሳጥኑም የሚያየው ማሽኑ ያነበበውን ስለሆነ፣ በእጅ የተጻፈ ስም በፍለጋ አለመውጣቱ አለመኖሩን አያሳይም። ቁጥር ከቅጂው ላይ ገልብጦ መውሰድም አደገኛ ነው፤ 3 እና 8፣ 1 እና 7 ሲቀያየሩ ግመሉም ሩብሉም ይለወጣል። ምስሉን አጉልቶ በዓይን ማረጋገጥ እንጂ ሌላ መፍትሔ የለውም። ለካሳው ያህል፣ እንግዳ የሆኑ የሹመት ስሞች ላይ አጭር ትርጉም የሚያወጣው መዝገበ ቃላት ለጀማሪ በጣም ጥሩ ነው።

አሁን ወደ ማውረድና ማተም። ገጹ ምስሉን ቆራርጦ ስለሚጭን በስልክ ዳታ ማንበብ ይቻላል፤ በየገጹ ማጉላት ግን ፓኬጁን ይበላዋል። የሚፈልጉትን ገጾች ሌሊት አውርዶ ቀን ማንበብ ይሻላል። አብዛኛው ወረቀት በክፍት የመንግሥት ፈቃድ የተለቀቀ ነው፤ ሆኖም በየፋይሉ ሥር ያለውን የአጠቃቀም መግለጫ ማየት አይከፋም።

ወደ ኮፒ ቤት ፋይል ስትልኩ ቴሌግራምን እንደ ፎቶ አትጠቀሙ፤ ምስሉን ስለሚጨምቀው የእርሳስ ጽሑፉ ይጠፋል። እንደ ፋይል ላኩት። ፍላሽ ይዞ መሄድም አለ፤ ከሰው ኮምፒዩተር ቫይረስ ይዞ ላለመመለስ ግን ባዶ ፍላሽ ያዙ።

ኮፒ ቤቶቻችን ለፈተና ወረቀትና ለመታወቂያ ኮፒ ፈጣኖች ናቸው፤ ለመቶ ዓመት ወረቀት ግን ትዕዛዙን ዘርዝሮ መስጠት ያስፈልጋል። የወረቀቱ መደብ ቡናማ ስለሆነ እንዳለ ሲታተም ገጹ ሁሉ ግራጫ ይሆናል፤ ቶነር ይጨርሳል፣ ባለቤቱም ይነጫነጫል፣ እውነቱን ነው። ንፅፅሩን ከፍ አድርገው አንድ ገጽ እንዲሞክሩ ጠይቁ። ንፅፅሩ ከፍ ሲል ደግሞ በቀኝ ጫፍ ያለችው የእርሳስ ቁጥር ትጠፋለች። ስለዚህ ከመጠረዙ በፊት 27 አር፣ 27 ቪ እያላችሁ በራሳችሁ እስክሪብቶ ጻፉበት። በሁለት ገጽ የምታሳትሙ ከሆነ የመጀመሪያው ምስል የወረቀት ፊት መሆኑን አረጋግጡ። በጀርባ ከጀመረ ሙሉው ጥራዝ በአንድ ገጽ ይዘልቅና የአንዱ ደብዳቤ ጀርባ ከሌላው ፊት ጋር ይጋባል፤ ከፊቱ አንድ ባዶ ገጽ መጨመር በቂ ነው። ለስፓይራል በሚጠረዝበት በኩል ሁለት ሴንቲሜትር አካባቢ ይተዉላችሁ፤ አለበለዚያ የጠርዙን ጽሑፍ መብሻው ይበላዋል፤ ያ ጽሑፍ ደግሞ ቀደም ብለን የነገርናችሁ የባለሥልጣናቱ ሐሳብ ነው።

ካርታ ለብቻው ይታይ። የሕንድ ቅየሳ መሥሪያ ቤት ካርታዎች ብዙ ጊዜ አንድ ኢንች ለ16 ማይል በሚል ልክ የተሠሩ ናቸው። ኮፒ ቤቱ ካርታውን ከኤ4 ወይም ከኤ3 ጋር ሲያስማማው ያ ልክ ይፈርሳል፤ ከላይ «16 ማይል» የሚለው ጽሑፍ ግን ሳይነካ ይቀራል። በማስመሪያ ለክቶ ከናስራታባድ እስከ ሄልማንድ ርቀት ያወጣ ሰው የተሳሳተ ቁጥር ይዞ ይወጣል። ከካርታው ግርጌ ያለው የርቀት መስመር ከካርታው ጋር አብሮ ስለሚያንስና ስለሚያድግ መለካት ያለበት በእሱ ነው። ስታስቆርጡም መስመሩ እንዳይቀር ተጠንቀቁ። ድንበሩን የሚያሳዩት ቀለሞች በጥቁርና ነጭ አይለዩም፤ ካርታ ላይ ለባለ ቀለም መክፈል ያዋጣል።

የማይገኘውንም እንናገር። የጎሬና የማጂ ቆንስላ ወረቀት እዚህ ላይብረሪ ውስጥ አትፈልጉ፤ ኢትዮጵያን የሚመለከተው የእንግሊዝ ውጭ ጉዳይ መዝገብ ለንደን ኪው በሚባለው ሰፈር በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ነው፤ እስከ 1905 ያለው ኤፍኦ (የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ምሕጻር) 1፣ ከ1906 ወዲህ ያለው ኤፍኦ 371 ውስጥ። የሲስታን ፋይልም ግማሽ አካሉ እዚያው ኪው ነው፤ የቴህራኑ ሌጋሲዮን መዝገብ ኤፍኦ 248፣ የፋርስ አጠቃላይ ደብዳቤ እስከ 1905 ኤፍኦ 60። ስለዚህ በኳታሩ ላይብረሪ ብቻ የሠራ ሰው ካልካታ የነበረውን የሕንድ መንግሥት ጩኸት ሰምቶ የቴህራኑን ሚኒስትር መልስ በቅጂ ብቻ ነው የሚያገኘው።

ከዚያ የሚከፋው የሲስታኑ ሰው ድምፅ ነው። ሐሙን ሐይቅ ላይ በሸምበቆ ታንኳ ዓሣ የሚያጠምደው፣ በ120 ቀኑ ነፋስ ውስጥ ቦይ የሚጠርገው ገበሬ፣ በእነዚህ ወረቀቶች የሚናገረው በቆንስሉ አፍ ነው፤ ያውም ለቆንስሉ ሲመች። ቢርጃንድ ላይ ይገዙ የነበሩት፣ «አላም» የተባለው ቤተሰብ ሹማምንት እንኳ «የኛ ወዳጅ» ወይም «የሩሲያ ሰው» ተብለው ነው የሚመዘገቡት። ለመመረቂያ ጽሑፍ የምትጠቀሙበት ከሆነ ርዕሱን «የእንግሊዝ ቆንስላ ሲስታንን እንዴት አየው» ብላችሁ ወስኑት፤ «የሲስታን ታሪክ» ካላችሁት ፋይሉ አይሸከመውም። ፋርስኛ የሚያነብ ሰው በአካባቢያችሁ ካለ ደግሞ ርዕሱን ከማስመዝገባችሁ በፊት አነጋግሩት።